ማክ ኦኤስ ከተሻሻለ በኋላ አፐርቸር አልከፈት አለ፤ የዓመታት ኤዲቴን ይዤ እንዴት ልውጣ?

ብርሃንና ጥላ፣ አዲስ አበባ

ጤና ይስጥልኝ። የሠርግና የበዓል ፎቶግራፍ በማንሣት የምተዳደር ነኝ፤ ፎቶዎቼን የማደራጀውም ኤዲት የማደርገውም ከጅምሩ በአፐርቸር ነው። ፕሮግራሙ መቋረጡን ባውቅም እስከ ሞሃቪ (ከካታሊና በፊት የነበረው የማክ ኦኤስ ስሪት) ድረስ ያለ እንከን ሲሠራልኝ ስለቆየ ወደ ሌላ ለመዛወር የሚያስገድደኝ ነገር አልነበረም። በቅርቡ ኮምፒውተሬን ባትሪ እንዲቀየርለት ለአንድ ጥገና ቤት ሰጥቼ ነበር፤ ስረከብ ባትሪው ተቀይሯል፣ ሳላዝዛቸው ደግሞ ማክ ኦኤስን ወደ ካታሊና አሳድገውታል። አሁን በአፐርቸር ምልክት ላይ የክልከላ ክብ ተደርቦበታል፤ ልከፍተው ስሞክር ከዚህ ስሪት ጋር እንደማይሠራ ይነግረኛል እንጂ አይነሣም።

ፎቶዎቹና ኤዲቶቹ በአንድነት የተቀመጡበት የአፐርቸር ላይብረሪ በውጫዊ ሃርድ ዲስክ ላይ ስለሆነ አልተነካም፤ መጠኑ ከአንድ ቴራባይት ይበልጣል። የሚያሳስበኝ በፎቶዎቹ ላይ የሠራሁት ሥራ ነው፦ ለደንበኛ የተመረጡት በኮከብ የተለዩ ናቸው፣ በአማርኛ የተጻፉ መግለጫዎችና ቁልፍ ቃላት አሉ፣ የቀለምና የብርሃን ማስተካከያውም አለ። አንድ ደንበኛ ከዓመታት በኋላ ተመልሶ አልበሙን እንደገና አትምልኝ ሲለኝ የሚፈልገው ያኔ ያስረከብኩትን መልክ ነው፤ ከካሜራው የወጣው ራው ፋይል ለእሱ ምንም ማለት አይደለም። ይህን ሥራ ይዤ የምወጣበት መንገድ ካለ ብታስረዱኝ ውለታችሁን አልረሳም። በየወሩ በዶላር የሚከፈልበት ፕሮግራም ግን ከአገር ቤት ሆኜ የማልዘልቀው ስለሆነ ከወዲሁ ብናወጣው ደስ ይለኛል።

ማክ ወዳጅ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ወንድሜ፣ እንኳንም ላይብረሪው በውጫዊ ዲስክ ላይ ሆነ። ከሁሉ አስቀድሜ የምለምንዎ፣ ዲስኩን እንዳለ ወደ ሌላ ዲስክ ሳይገለብጡ ምንም ፕሮግራም እንዳይከፍቱበት ነው። ሁለተኛው ዲስክ ውድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሆኖም ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ የሚሠራው ቅጂው ላይ እንጂ ዋናው ላይ አይደለም። የሚገለብጡበት ዲስክ በማክ ፎርማት የተዘጋጀ ይሁን፤ ከዊንዶውስ ጋር ለመጋራት ተብሎ በኤክስፋት የተዘጋጀ ዲስክ ለእንዲህ ዓይነቱ ላይብረሪ አይሆንም።

ነገሩ ድንገት የመጣ አይደለም። አፕል አፐርቸርን ይፋ ያደረገው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2005 በ499 ዶላር ሲሆን፣ በ2011 በማክ አፕ ስቶር 79.99 ዶላር እስኪደርስ ድረስ ዋጋው እየወረደ መጥቷል። በሰኔ 2014 ልማቱ እንደሚቆም ተነገረ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ አካባቢ የወጣው 3.6 የመጨረሻው ስሪት ሆነ፤ በሚያዝያ 2015 ፎቶስ የተባለው ፕሮግራም ሲወጣ አፐርቸር ከመደብሩ ተነሣ። ከዚያ በኋላ ለአራት ዓመታት ያህል በተጠቃሚዎች ኮምፒውተር ላይ መሥራቱን ቀጠለ። በሚያዝያ 2019 ገደማ ከሞሃቪ በኋላ በሚመጡት ስሪቶች ላይ እንደማይሠራ ኩባንያው አስታወቀ፤ ካታሊና ጥቅምት 7 ቀን 2019 ሲለቀቅም እንደተባለው ሆነ።

አሁን ያለዎት ምርጫ ሦስት ነው። አንደኛው ሞሃቪን በኮምፒውተሩ ላይ በሌላ ክፍልፋይ መልሶ መጫን ነው። ሁለተኛው ሬትሮአክቲቭ የሚባለውን፣ ጊትሀብ በተባለው የፕሮግራም ማጋሪያ ድረ ገጽ ላይ በነጻ የሚገኘውን ፕሮግራም ተጠቅሞ አፐርቸርን በካታሊና ላይ ማስነሣት ነው። ሦስተኛው ላይብረሪውን በቀጥታ ለፎቶስ መስጠት ነው። እንደ እኔ ሁለተኛው ይበጅዎታል፤ ነገር ግን አፐርቸርን ሥራዎን ለማውጣት ብቻ ይክፈቱት እንጂ ዳግም ኑሮዎን አያድርጉበት።

የአራዳ ልጅ

ይህማ ግልጽ ነው። ካታሊና ባለ 32 ቢት የሚባሉትን የቀድሞ ዓይነት ፕሮግራሞች በሙሉ አስወጥቷል፣ አፐርቸርም ባለ 32 ቢት ስለሆነ አብሮ ወጣ። ባለ 32 ቢት ፕሮግራም ደግሞ በምንም ዘዴ ካታሊና ላይ ሊሠራ ስለማይችል ሬትሮአክቲቭ የሚባለው ነገር ጊዜ ማባከን ይመስለኛል።

ማክ ወዳጅ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

አብዛኛው ሰው እንደዚያ ያስባል፤ ለሌሎች ፕሮግራሞችም ትክክል ነው። ለምሳሌ የጉግል የፎቶ ፕሮግራም የሆነው ፒካሳ ለማክ የተሠራው ባለ 32 ቢት ስለነበረ በካታሊና ላይ ጨርሶ አይነሣም፤ ጉግልም ከመጋቢት 2016 ጀምሮ ድጋፉን ስላቆመ አዲስ ስሪት የሚጠበቅለት አይደለም። አፐርቸር ግን ከ3ኛው ስሪት ማለትም ከ2010 ጀምሮ በአዲሱ ዓይነት፣ በ64 ቢት የሚሠራ ነው።

የወደቀበት ምክንያት ሌላ ነው። ፕሮግራሙ ሲነሣ ከስርዓተ ክወናው ውስጥ የሚጠራቸው የጋራ የኮድ ክፍሎች አሉ፤ ከእነዚህ አንዱ የቪዲዮ ማጫወቻው ኪውቲኪት ነው። ኪውቲኪት ከብዙ ማስጠንቀቂያ በኋላ በካታሊና ተወገደ። አፐርቸር ሲነሣ ያንን ክፍል ይፈልጋል፤ ሲያጣው ይቆማል። ሬትሮአክቲቭ የሚሠራውም የጎደሉትን ክፍሎች ከአፐርቸር ጋር አብሮ በማስቀመጥና የክልከላ ምልክቱ እንዲነሣ የስሪት ቁጥሩን በመለወጥ ነው። ቪዲዮ ማጫወትና ስላይድሾው ኤክስፖርት ማድረግ የማይመለሱትም ከዚሁ የተነሣ ነው፤ ፎቶውን የሚመለከተው ክፍል ግን ከሞላ ጎደል ይሠራል። አፕል ሲሊከን የተባለው የአፕል የራሱ ቺፕ ባላቸው ማኮች ላይም ለቀድሞዎቹ የኢንቴል ማኮች የተሠሩ ፕሮግራሞችን በሚያሠራው በሮዜታ በኩል ይነሣል፤ ሆኖም አፕል በ2025 ባስታወቀው መሠረት ሮዜታ በሙሉ አቅሙ የሚቆየው እስከ ማክ ኦኤስ 27 ድረስ ስለሆነ ያም መንገድ ቀኑ የተቆረጠለት ነው።

ብርሃንና ጥላ፣ አዲስ አበባ

አመሰግናለሁ፤ ዲስኩን ለመገልበጥ ጀምሬያለሁ። አንድ ጥያቄ ልጨምር፦ ሦስተኛውን ምርጫ፣ ማለትም በቀጥታ ለፎቶስ መስጠትን ያልወደዱት ለምንድን ነው? ለእኔ ቀላሉ እሱ ይመስለኝ ነበር።

ማክ ወዳጅ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ቀላልስ ቀላል ነው፤ ካታሊናዎ 10.15.1 ወይም ከዚያ በላይ እስከሆነ ድረስ ፎቶስ ላይብረሪውን ይቀበለዋል። ዋናዎቹን ፋይሎችም በዲስኩ ላይ ሁለት ጊዜ አይገለብጣቸውም፤ ሃርድ ሊንክ በሚባለው ዘዴ አንዱን ፋይል ሁለቱ ላይብረሪዎች እንዲጋሩት ያደርጋል። ለዚህ ነው የፋይል ማሳያው አንድ ቴራባይት ሁለት ቦታ ያለ አስመስሎ ቢያሳይም ዲስኩ የማይሞላው።

ችግሩ ለባለሙያ ሥራ አለመሆኑ ነው። ኤዲት የተደረገውን መልክ ያሳያል፣ ነገር ግን በአፐርቸር የሠሩትን እያንዳንዱን ማስተካከያ መልሰው ሊነኩት አይችሉም፤ ያለዎት የተጠናቀቀው መልክና ዋናው ፋይል ነው። የኮከብ ደረጃዎ ወደ ቁልፍ ቃል ይለወጣል፤ ባንዲራ የተደረገባቸውም እንደዚያው። ለቤተሰብ ፎቶ ይህ ከበቂ በላይ ነው። እርስዎ ግን የብዙ ደንበኞች ሥራ የተጠራቀመበት ላይብረሪ ስላለዎት፣ ከአንድ ፕሮግራም ጥቅል ወጥተው ወደ ሌላ ፕሮግራም ጥቅል ከመግባት ይልቅ ማንም ሊከፍተው በሚችል ተራ ፎልደርና ፋይል ላይ ቢቆሙ ይሻላል ባይ ነኝ።

ሰነድ ጠባቂ፣ አዲስ አበባ

በሥራዬ የተቋም የፎቶ ክምችት አደራጃለሁ፤ ስለ አማርኛው መግለጫ የሚያውቅ ሰው እስካሁን ስላልጻፈ እኔ ልግባ። ወንድሜ፣ ቁልፍ ቃላትዎ ረዣዥም ከሆኑ ከኤክስፖርቱ በፊት ይህን ያንብቡ።

በፎቶ ፋይል ውስጥ ጽሑፍ የሚቀመጥባቸው ሁለት ዋና ቦታዎች አሉ። አሮጌው አይፒቲሲ የሚባለው ሲሆን አዲሱ ኤክስኤምፒ ነው። አሮጌው ለእያንዳንዱ መስክ የቦታ ገደብ አለው፤ ለቁልፍ ቃልም ለርዕስም 64 ባይት ነው። ለእንግሊዝኛ ጽሑፍ ይህ 64 ፊደል ማለት ነው። የእኛ ፊደል ግን ዩቲኤፍ 8 በተባለው የፊደል ማስቀመጫ ዘዴ ሲጻፍ እያንዳንዱ ሦስት ባይት ይወስዳል፤ ስለዚህ ከ21 ፊደል በላይ የሆነ የአማርኛ ቁልፍ ቃል በዚያ መስክ ውስጥ አይገባም። በቅርብ ያየሁትን ልንገርዎ። «የጥምቀት በዓል በጎንደር ፋሲለደስ መዋኛ» የሚል ቁልፍ ቃል ኤግዚፍቱል በተባለው መሣሪያ ወደ ፋይሎች ስጽፍ፣ ፊደሎቹ 21 ቢሆኑም በመካከል ያሉት አራት ክፍት ቦታዎች ሲደመሩ 67 ባይት ሆነና በአይፒቲሲው በኩል «መዋኛ» የሚለው «መዋ» ሆኖ ቀረ። መሣሪያው ማስጠንቀቂያ ሰጥቷል፤ ነገር ግን በሺህ የሚቆጠሩ ፋይሎች ሲያልፉ ማስጠንቀቂያውን የሚያነብ ሰው የለም። በኤክስኤምፒው በኩል ግን ሙሉው አለ፤ እዚያ እንዲህ ያለ ገደብ የለም።

ስለዚህ ኤክስፖርት ሲያደርጉ ከእያንዳንዱ ዋና ፋይል አጠገብ የኤክስኤምፒ ፋይል እንዲፈጥር ይዘዙት፤ በአፐርቸር «ኦሪጅናል» የሚለውን ኤክስፖርት ሲመርጡ ሜታዳታ (ከፎቶው ጋር የሚቀመጠው መረጃ) በሚለው ሥር ይህ ምርጫ አለ። ረዣዥሞቹን ቁልፍ ቃላት ደግሞ አስቀድመው ይከፋፍሏቸው፤ «ጥምቀት»፣ «ጎንደር»፣ «ፋሲለደስ» ብለው ለየብቻ ቢያስቀምጧቸው ለፍለጋም ይመቻል። የኮከቡን ጉዳይ እኔ ለዕድል አልተወውም፤ ባለ አምስት ኮከቦቹን በአንድ ስማርት አልበም (በሰጡት መስፈርት ፎቶ በራሱ የሚሰበስብ አልበም) ሰብስበው «5ኮከብ» የሚል ቁልፍ ቃል በጅምላ ይስጧቸው። ቁልፍ ቃልን የማያነብ የፎቶ ፕሮግራም እስካሁን አላጋጠመኝም፣ ኮከብን በራሱ መንገድ የሚጽፍ ግን ሞልቷል።

አሮጌው ይሻለኛል፣ ዱባይ

ሁላችሁም ሰውየውን ለማሰደድ ቸኮላችሁ። ሞሃቪን መልሶ ይጫንና እንደ ድሮው ይሥራ። እኔ በ2015 የተሠራ ማክቡክ ፕሮ አለኝ፣ ሞሃቪ እንደተጫነበት ነው፣ ኢንተርኔት አላገናኘውም፣ አፐርቸርም እስከ ዛሬ አልደከመም። ለሥራ ካልሆነ ኮምፒውተር ለምን ይታደሳል?

ማክ ወዳጅ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

በመርህ ደረጃ አልቃወምዎትም፤ ማሽኑ ካታሊና ከመውጣቱ በፊት የተሠራ ከሆነ ሞሃቪን በዚያው ዲስክ ላይ ኤፒኤፍኤስ በተባለው የአፕል የዲስክ ፎርማት በሌላ ክፍልፋይ መጫን ይቻላል፤ ሁለቱ ክፍልፋዮች ባዶውን ቦታ ስለሚጋሩ አስቀድሞ ማካፈል እንኳ አያስፈልግም። ከካታሊና ጋር የወጡ ማሽኖች፣ ለምሳሌ በኅዳር 2019 የመጣው ባለ 16 ኢንች ማክቡክ ፕሮ፣ ወደ ሞሃቪ አይወርዱም፤ ከ2020 ጀምሮ የመጡት አፕል ሲሊከኖችማ ጨርሶ አይታሰብም። የእርስዎ ማክቡክ ማዘርቦርዱ የተበላሸ ቀን ግን ወዴት ይሄዳሉ? ከሰው እጅ ያገለገለ ማሽን ፍለጋ መዞርዎ ነው፤ የሚገኘውም እያነሰ ይሄዳል።

ሌላም አለ። አፐርቸር ራው ፋይል የሚያነበው ከማክ ኦኤስ ጋር በሚመጣው የራው ማንበቢያ ነው። ስርዓተ ክወናው መታደሱ ሲያበቃ ማንበቢያውም ከዚያ በኋላ ለሚወጡ ካሜራዎች መታደሱን ያበቃል። አዲስ ካሜራ እስካልገዙ ድረስ ላይሰማዎት ይችላል።

አሮጌው ይሻለኛል፣ ዱባይ

ካሜራዬም የ2012 ነው።

ማክ ወዳጅ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

እንግዲያው እርስዎ ተስማምቶዎታል፤ ጠያቂው ግን በሥራ ላይ ያለ ሰው ነው።

የነታንያው

በተቃራኒው በኩል ያለሁትን ልንገራችሁ። በ2015 የወጣውን፣ አንዴ ተገዝቶ የሚያዘውን የአዶቤ የፎቶ ፕሮግራም ላይትሩም 6 ይዣለሁ፤ በየወሩ ክፍያ የሌለበት የመጨረሻው እሱ ነው። ፕሮግራሙ ራሱ 64 ቢት ነው፣ ሆኖም መጫኛውና ፈቃድ ማረጋገጫው ላይ ባለ 32 ቢት ክፍሎች ስላሉ ካታሊና ላይ እንደ አዲስ ለመጫን የሞከረ ሰው ይቸገራል። ከማሻሻያው በፊት የተጫነለት ደግሞ በአብዛኛው ይሠራለታል። የካርታው ክፍል ግን ስርዓተ ክወና ሳይለወጥም ከኅዳር 2018 ማብቂያ በኋላ ቆሟል፤ ምክንያቱም ካርታውን ከጉግል የሚያመጣበት ቁልፍ ጊዜው አልፎበታል። ስለዚህ ወንድማችን በአሮጌ ዋጋ ላይትሩም 6 የሚሸጥ ሰው ቢያገኝ እንኳ ከአንዱ ወደ ሌላው ጡረተኛ መዛወር እንደሚሆንበት ልብ ይበል።

ካቴድራል፣ ስቶክሆልም

ያለ ክፍያ ለሚፈልግ ሰው ዲጂካም ለማደራጀት፣ ዳርክቴብል ደግሞ ለራው ኤዲት ጥሩ ናቸው፤ ሁለቱም ነጻና ክፍት ምንጭ ናቸው፣ በማክም በዊንዶውስም በሊኑክስም ይሠራሉ። የአፐርቸርን ማስተካከያ ግን አንዳቸውም አያነቡትም። ያ የቀለምና የብርሃን ስሌት የፕሮግራሙ የራሱ ስለሆነ ሌላው የሚቀበለው የተጠናቀቀ ምስል ብቻ ነው። ስለዚህ ኤዲት የተደረጉትን «ቨርዥን» በሚለው ኤክስፖርት በኩል ለየብቻ ማውጣት ግዴታ ነው፤ እንደገና ሊነኩ የሚችሉትን ባለ 16 ቢት ቲፍ፣ ሌላውን ሙሉ ጥራት ባለው ጄፔግ ያድርጓቸው። ሁሉንም በቲፍ ካወጧቸው ዲስክ አይበቃዎትም።

አንድ የሚያናድድ ትንሽ ነገር አለ። የኤክስኤምፒ ፋይሎቹ ስም አሰጣጥ ከፕሮግራም ወደ ፕሮግራም ይለያያል፤ አፐርቸር የፎቶውን ስም ይዞ ቅጥያውን ብቻ ይለውጣል፣ ዲጂካም ግን በነባሪው ከነቅጥያው ሙሉውን ስም ይዞ ሌላ ቅጥያ የሚጨምር ፋይል ነው የሚፈልገው። ካልተስማሙ ዲጂካም መግለጫዎችዎ አጠገቡ ተቀምጠው እያሉ ምንም አያይም። በሜታዳታ ማዋቀሪያው ውስጥ ከንግድ ፕሮግራሞች ጋር የሚስማማ አሰያየም የሚል ምርጫ ስላለ ፎቶዎቹን ከማስገባትዎ በፊት እሱን ያብሩት።

ብርሃንና ጥላ፣ አዲስ አበባ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ የደረስኩበትን ላሳውቃችሁ። በቅጂው ዲስክ ላይ በሬትሮአክቲቭ አፐርቸርን አስነሥቻለሁ፤ ላይብረሪው እንደ ቀድሞው ተከፍቷል፣ አልበሞቹም ከነአማርኛ ስማቸው አሉ። እንደተባለው የሠርግ ቪዲዮዎቹ አይጫወቱም፤ ፋይሎቹ ግን በቦታቸው ስላሉ አውጥቼ በሌላ ማጫወቻ ከፍቻቸዋለሁ። ረዣዥሞቹን ቁልፍ ቃላት ከፋፍዬ፣ ኮከቦቹን በቁልፍ ቃል ተክቼ፣ ኤክስፖርቱን ፕሮጀክት በፕሮጀክት እያደረግሁ ነው።

ኤክስፖርቱን ሳልጀምር፣ በአቋራጭ ልሂድ ብዬ የላይብረሪውን ጥቅል በቀኝ ጠቅታ ከፍቼ ዋናዎቹ ፋይሎች የተቀመጡበትን «ማስተርስ» የሚባል ፎልደር አይቼ ነበር። በዓመት፣ በወርና በቀን የተደረደረ ነው፤ ሆኖም አልተስማማልኝም። የጎንደሩን የ2004 ጥምቀት ስፈልግ ጥር 11 እ.ኤ.አ. ጥር 20 ቀን 2012 ላይ ስለዋለ በዚያ ቀን ፎልደር ፈለግሁ፤ የለም። በኋላ ሌላ ቀን ሥር አገኘሁት። ይህ የሆነው ለምን ይመስላችኋል?

ማክ ወዳጅ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

የፎልደሮቹ ቀን ፎቶው የተነሣበት ሳይሆን ወደ አፐርቸር ያስገቡበት ነው። ከጎንደር ተመልሰው ካርዱን ከኮምፒውተሩ ጋር ያገናኙበትን ቀን ነው ያገኙት። ስለዚህ በ«ማስተርስ» በኩል በቀጥታ መገልበጥ የሚጠቅመው አፐርቸር በምንም መንገድ አልነሣ ሲል ብቻ ነው፤ ራው ፋይሎቹ ይተርፋሉ፣ የአልበሙ ስምና አደረጃጀቱ ግን አይመጣም። ኤክስፖርት ሲያደርጉ የፎልደሩን ስም ከፕሮጀክቱ ስም እንዲወስድ ቢያዙት «የጎንደር ጥምቀት 2004» ብሎ ራሱ ያደራጅልዎታል።

ሰነድ ጠባቂ፣ አዲስ አበባ

እኔ የምጨምረው፣ የመጀመሪያው ፕሮጀክት እንደወጣ ጥቂት ፋይሎችን በሌላ ኮምፒውተር ላይ፣ ቢቻል በዊንዶውስ፣ ከፍተው መግለጫው መነበቡን እንዲያዩ ነው። አንድ ቴራባይት ካወጡ በኋላ የጥያቄ ምልክት የሞላበት መግለጫ ከማግኘት አስቀድሞ ማየቱ ይቀላል።

ብርሃንና ጥላ፣ አዲስ አበባ

በጎረቤቴ ኮምፒውተር ላይ በዲጂካም ከፍቼ አየሁት፤ ስያሜውን ካስተካከልኩ በኋላ መግለጫዎቹም ቁልፍ ቃላቱም ሙሉ ሆነው ይነበባሉ። የቀረኝ የቦታ ጥያቄ ነው፦ ኤክስፖርቱ ሲያልቅ የአፐርቸር ላይብረሪውን ላጥፋው ወይስ ላቆየው?

ማክ ወዳጅ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ዋናውን ዲስክ ሳይነኩ ያቆዩት፤ ቅጂውን ግን አጥፍተው ዲስኩን ለአዲሱ ክምችት መጠባበቂያ ሊያደርጉት ይችላሉ። ከማጥፋትዎ በፊት በአፐርቸር ውስጥ በየፕሮጀክቱ የሚታየውን የፎቶ ብዛት በፎልደሩ ውስጥ ካሉት ዋና ፋይሎች ጋር ያስተያዩ። የአንዱ ፎቶ ሁለት ቨርዥን ካለ በአፐርቸር ሁለት ሆኖ፣ በዋና ፋይል አንድ ሆኖ ስለሚቆጠር ልዩነቱ ከዚያ የመጣ መሆኑን ያረጋግጡ።

ብርሃንና ጥላ፣ አዲስ አበባ

ያየሁት ልዩነት ከዚያ የመጣ ነው፤ የሠርጎቹ ጥቁርና ነጭ ቨርዥኖች ናቸው። እነሱንም በጄፔግ እያወጣኋቸው ነው።